ዓይኔ ቀስ በቀስ እየደበዘዘ ነው፣ «ነርቭ ነው» አሉኝ

ጥያቄ፦ 29 ዓመቴ ነው። የግራ ዓይኔ መደብዘዝ ከጀመረ አራት ወር አለፈው። ሕመም የለውም። መነጽር ቀየርኩ፣ ለውጥ የለም። አንድ ክሊኒክ «የዓይን ነርቭሽ ተቆጥቷል» ብለው የፕሬድኒሶሎን ኪኒን አዘዙልኝ። እሱን እየወሰድኩም እየባሰ ነው። ልታገሥ ወይስ ምን ላድርግ? (ከአዳማ)

መልስ፦ እህቴ፣ አትታገሺ። የነገርሽን ነገር ከተለመደው የዓይን ነርቭ መቆጣት ጋር አይገጥምም፣ ያሳሰበኝም ይኸው ነው።

ይህ ነርቭ ዓይን ያየውን ወደ አንጎል ያደርሳል። ሲቆጣ ብዙ ጊዜ አንድ ዓይን ላይ ነው፤ እይታው በሰዓታት ወይም በቀናት ውስጥ ይቀንሳል፣ ዓይን ሲንቀሳቀስ ያማል፣ ቀይ ቀለም ፈዞ ይታያል። ከሁለት ሳምንት ገደማ በኋላ መባሱን ያቆምና አብዛኛው ሰው ላይ ቀስ እያለ ይመለሳል፣ ያለ መድኃኒትም ጭምር። ያንቺ ግን አራት ወር ሙሉ ያለ ሕመም እየባሰ ነው። እንዲህ ሲሆን ሌላ ምክንያት መፈለግ ግድ ነው፤ ነርቩን የሚጫን እጢ፣ ግላኮማ (ነርቩን ቀስ በቀስ የሚጎዳ የዓይን በሽታ)፣ ቂጥኝ፣ የቫይታሚን ቢ12 እጥረት ሊሆን ይችላል። እኛ አገር መረሳት የሌለበት ደግሞ ኢታምቡቶል የሚባለው የቲቢ መድኃኒት ነው። ይህን ነርቭ ሊጎዳ ይችላል፣ በተለይ ኩላሊቱ የታመመ ሰው ላይ። አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱንም ዓይን ስለሚይዝ ያንቺ ላይሆን ይችላል፤ ግን የቲቢ ሕክምና ላይ ካለሽ ዛሬውኑ ለሐኪምሽ ንገሪ።

ስለ ኪኒኑ፦ እ.ኤ.አ. በ1992 ውጤቱ የታተመ በዓይን ነርቭ መቆጣት ላይ የተደረገ አንድ ትልቅ የአሜሪካ ጥናት፣ በደም ሥር የሚሰጠው ስቴሮይድ (መቆጣትን የሚቀንስ መድኃኒት) ማገገሙን እንደሚያፋጥን፣ ፕሬድኒሶሎን ዓይነቱ ኪኒን ብቻውን በተለመደው መጠን ሲወሰድ ግን በሽታው ተመልሶ የመምጣት ዕድሉን እንደሚጨምር አሳይቷል። ታዲያ ምክንያቱ ሳይጣራ ይህን ኪኒን መዋጥ ልክ አይደለም። ሳምንታት ከወሰድሽ ግን በራስሽ በድንገት አታቁሚው፣ መጠኑን ሐኪም ቀስ በቀስ ይቀንስልሽ።

አሁን ሪፈር አጽፈሽ ወደ ዓይን ስፔሻሊስት ሂጂ፤ አዲስ አበባ ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል የዓይን ክፍል አለ። የብሌንሽን ለብርሃን ምላሽ፣ ቀለም መለየትሽንና የእይታሽን ስፋት እንዲያዩልሽ ንገሪያቸው፣ ኤምአርአይም (የውስጥ አካልን ምስል የሚያነሳ ምርመራ) ያስፈልግ እንደሆነ ጠይቂ። ራስ ምታትና ትውከት ከመጣ ወይም ሌላኛው ዓይን ከደበዘዘ ቀጠሮ አትጠብቂ፣ ድንገተኛ ክፍል ግቢ። ስትሄጂ የወሰድሻቸውን መድኃኒቶች በሙሉ ከነማሸጊያቸው ያዢ።