የእርግዝና ክትትል ለፅንሱ ምን ይሠራል? ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ገና ሁለት ወሬ ነው። ሆዴ ሳይገፋ ክትትል ልጀምር?

መልስ፦ ጀምሪ። የዓለም ጤና ድርጅት የመጀመሪያው ምርመራ ከ12 ሳምንት በፊት እንዲሆን፣ በጠቅላላው ቢያንስ 8 ጊዜ እንድትታዪ ይመክራል። በመጀመሪያው ቀን ቂጥኝ፣ ኤች አይ ቪ፣ ሄፓታይተስ ቢ፣ የደም ዓይነት፣ ሄሞግሎቢንና ሽንት ይመርመሩልሽ። ቂጥኝ እናቲቱ ላይ ምንም ሳይታይ ፅንሱን ሊገድል ይችላል፤ በጊዜ ከተገኘ በቤንዛቲን ፔኒሲሊን መርፌ ይታከማል። ባልሽ አብሮ ካልታከመ ግን ተመልሶ ይይዝሻል።

ጥያቄ፦ ፎሊክ አሲድ የጀመርኩት በሦስተኛው ወር ነው። ዘገየሁ?

መልስ፦ የሕብለ ሰረሰር ክፍተትን ለመከላከል፣ አዎ። ያ ክፍል የሚገጥመው በተፀነሰ በ28 ቀን ገደማ ነው፤ ብዙዋ ሴት ያኔ ማርገዟንም አታውቅም። ለሚቀጥለው፣ ለማርገዝ ስታስቢ በቀን 0.4 ሚሊግራም መውሰድ ጀምሪ። አሁንም አታቋርጪ፣ ከአይረን (ብረት) እንክብሉ ጋር ለደም ማነስ ይጠቅማል። አይረኑን ከቡናና ከሻይ አርቂው፤ ሰገራ ቢጠቁር አያስደነግጥሽ።

ጥያቄ፦ በየወሩ አልትራሳውንድ እነሳለሁ። ሌላው ምን ያደርጋል?

መልስ፦ አልትራሳውንድ ከሚገባው በላይ ይታመናል። ከ24 ሳምንት በፊት አንዴ መነሳት የእርግዝናውን ዕድሜ ለማወቅና መንታ ለመለየት ይጠቅማል፤ የደም ግፊትሽን ግን አይነግርሽም። ከ20 ሳምንት በኋላ 140/90 እና ከዚያ በላይ ሆኖ ሽንት ላይ ፕሮቲን ከታየ፣ ፕሪኤክላምፕሲያ (በእርግዝና የሚመጣ አደገኛ የደም ግፊት በሽታ) ነው። ወደ እንግዴ ልጁ የሚሄደው ደም ያንስና ፅንሱ ይቀጭጫል፤ አንዳንዴም ያለጊዜው ማዋለድ ግድ ይሆናል። አለካኩም ወሳኝ ነው፦ አምስት ደቂቃ ዐርፈሽ፣ ጀርባሽን ተደግፈሽ፣ ክንድሽ በልብሽ ትይዩ ሆኖ፣ ሳታወሪ። በሹራብ ላይ የተለካ ቁጥር አይታመንም፤ እጅጌሽን ሰብስበሽ እንደገና አስለኪ። ኃይለኛ ራስ ምታት ወይም የዓይን ብዥታ ከመጣ ቀጠሮ አትጠብቂ።

ጥያቄ፦ የሚስቴ ደም ኦ ኔጌቲቭ ነው፣ የኔ የባሏ ፖዘቲቭ። የመጀመሪያ ልጃችን ደህና ነው፣ ለሁለተኛው ምን ያሰጋል?

መልስ፦ ሾተላይ የሚባለው ይኸው ነው። የመጀመሪያው ብዙ ጊዜ ይተርፋል፤ በወሊድ ጊዜ የልጁ ፖዘቲቭ ደም ከእናቱ ኔጌቲቭ ደም ጋር ሲገናኝ ሰውነቷ ፀረ እንግዳ አካል ይሠራል፣ እሱም የሚቀጥለውን ፅንስ ቀይ የደም ሴል ያፈርሳል። አሁኑኑ በደም ምርመራ ፀረ እንግዳ አካሉ መኖሩ ይታይ። ካለ፣ እንዳይፈጠር የሚከላከለው የፀረ ዲ መርፌ ስለማይሠራ ፅንሱ በስፔሻሊስት መከታተል አለበት። ከሌለ መርፌውን በ28 ሳምንት፣ ልጁ ፖዘቲቭ ከሆነም ከወሊድ በኋላ በ72 ሰዓት ውስጥ ትወጋለች። ከውርጃ በኋላም እንዲሁ፤ ይህን ብዙዎች ይረሱታል። መድኃኒቱ በየቦታው ስለማይገኝ ከመውለጃዋ ሳምንታት ቀድመህ አፈላልግ።