ሰማዩን ለይታችሁ እዘዙ

ልጆቼ፣

ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ቫዮሊንና ቼሎ የምትጫወቱ ወጣቶች ከማሲንቆና ከዋሽንት ተጫዋቾች ጋር የሚቀርብ አዲስ ድርሰት ልታሠሩ ማሰባችሁን ስሰማ እጅግ ደስ አለኝ። ወደ ሙዚቃ ደራሲው ስትሄዱ ግን «ስለ ሌሊት ሰማይ የሆነ ነገር ጻፍልን» አትበሉት። እንዲህ ያለ ትእዛዝ የሚወልደው ቀስ ያለና ማንም የማያስታውሰው ዜማ ነው። የትኛው ኮከብ፣ በየትኛው ወር፣ ከየት ሲታይ? ይህን ለይታችሁ ንገሩት።

ወሎ ደግሞ ለዚህ የታደለ ነው። ደሴ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 11 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለምትገኝ፣ የሰሜን ኮከብ ከአድማስ 11 ዲግሪ ያህል ብቻ ከፍ ብሎ፣ ተራራ ካልጋረደው፣ ሌሊቱን ሙሉ ከቦታው ሳይነቃነቅ ይታያል። በሚያዝያና በግንቦት ምሽት በተቃራኒው አቅጣጫ የደቡብ መስቀል የሚባለው የከዋክብት ስብስብ ወጥቶ ዝቅ ያለ ቅስት እየሠራ ይሄዳል። አውሮፓ ያለ ሰው ሁለቱን በአንድ ሌሊት አያይም። ቼሎው አንድ ድምፅ ይዞ ሲጸና ማሲንቆው ከላዩ ሲወጣና ሲወርድ ለእኔ አሁኑኑ ይሰማኛል። ደራሲው ግን ሌላ ነገር ይሰማው ይሆናል፤ ዜማው የእርሱ ነውና ተዉለት።

ባቲንና አምባሰል የሚባሉትን ቅኝቶች የወሎ ስለሆኑ ብቻ አስገባ ብላችሁ አታስገድዱት። ይልቅስ አንድም ኖታ ሳይጽፍ ከማሲንቆ ተጫዋቹ ጋር አስቀምጡት። ዋሽንት አንዴ ከተበሳ ቅኝቱ እንደ ክራር አይቃኝም፤ ተጫዋቹ ለየቅኝቱ ሌላ ዋሽንት ይይዛል። ስለዚህ በመካከል ቅኝት የሚለወጥ ከሆነ መሣሪያ ለመቀየር የሚበቃ ዕረፍት በኖታው ላይ ይኑር። ቫዮሊንና ቼሎ በጣት ወደ ማሲንቆው ድምፅ መጠጋት ይችላሉ። ፒያኖ አይችልም፤ ስለዚህ ይቅርባችሁ።

ውሉ ደራሲው ሐሳቡን የሚቀይርበት ቦታ ይተውለት። የአሜሪካው የጠፈር ድርጅት ናሳ በጠፈር መንኮራኩሮች የተቀዱ ድምፆችን መነሻ ያደረገ ሥራ እንዲሠራ ክሮኖስ ኳርቴት የተባለውን አራት የባለ አውታር መሣሪያ ተጫዋቾች ያሉትን የአሜሪካ ቡድን ጠይቆ፣ ቡድኑ ድርሰቱን ለአሜሪካዊው የሙዚቃ ደራሲ ቴሪ ራይሊ ሰጠው። ራይሊ እየጻፈ ሳለ በአሜሪካ የመስከረም 2001 እ.ኤ.አ. ጥቃት ደረሰ፤ ሥራውም አቅጣጫው ተለወጠ። «ሰን ሪንግስ» የተባለው ይህ ድርሰት በ2002 እ.ኤ.አ. ሲቀርብ ስለ ጠፈር ብቻ አልነበረም፤ ስለ ሰው ልጅ አንድነትም ይናገር ነበር። ውል የሚያስረውማ ቢሆን ኖሮ ስለ አንድነት የሚናገረው ያ መጨረሻ ባልተጻፈ ነበር።

ክፍያውን ግማሽ ሲጀምር፣ ግማሽ ኖታውን ሲያስረክብ ስጡት። ለሁለተኛ ዝግጅትም ገንዘብና አዳራሽ ከወዲሁ ያዙ፤ አዲስ ድርሰት አንድ ጊዜ ብቻ ተሰምቶ መቅረቱ ያሳዝነኛል። የመጀመሪያው ግንቦት ላይ እንዲሆን ከፈለጋችሁ፣ ውሉን በጥቅምት ፈርሙ፤ ኖታው በየካቲት ካልደረሳችሁ ለልምምድ ጊዜ አይተርፋችሁም።