የወንዝ ቀንድ አውጣ፦ ሥጋ ወይስ ሥጋት?

ጥያቄ፦ የምኖረው ጎንደር፣ አዘዞ ነው። ወንድሜ ከእስያ የመጡ ሰዎች የወንዝ ቀንድ አውጣ ቀቅለው ሲበሉ በስልኩ ካየ ወዲህ፣ «ሥጋ በተወደደበት ዘመን ከመገጭ ወንዝ ለቅሞ መብላት ነው» ይላል። ቀልዱ እየቆየ ቁም ነገር ሆነና ልጆቹን ሊልካቸው አስቧል። በእውነት የምግብ ጥቅም አለው?

መልስ፦ አለው። ቁጥሩ እንደ ዝርያውና እንደሚኖርበት ውኃ ቢለያይም፣ 100 ግራም ጥሬ የቀንድ አውጣ ሥጋ 16 ግራም ያህል ፕሮቲንና 3.5 ሚሊ ግራም ያህል ብረት ሲኖረው፣ ቅባቱ ከ1.5 ግራም አይዘልም፤ በፕሮቲን ከበሬ ሥጋ ጥቂት ያንሳል፣ ከእንቁላል ግን ይበልጣል። በቻይናዋ ሊውጆ ከተማ የታወቀው የሩዝ ፓስታ መረቅ የሚሠራው ከዚሁ ነው፤ ፊሊፒንሶችም በኮኮናት ወተት ያበስሉታል። በደንብ ካልበሰለ ግን ወደ አንጎል የሚዘልቅ ትል ሊያስተላልፍ ይችላል። ይበላል አይበላም የሚለውን ለንስሐ አባታችሁ እተዋለሁ።

ይሁን እንጂ ፊሊፒንሶች የሚበሉት ሎሚ የሚያክለውን ነው። በአገራችን ዝግ ብሎ በሚፈስና ሣር በበዛበት ውኃ ዳር የሚገኘው ባዮምፋላሪያ የሚባለው ቀንድ አውጣ ግን እንደ ተጠቀለለ መቀነት ጠፍጣፋ፣ ከአውራ ጣት ጥፍር እምብዛም የማይበልጥ ነው፤ አንድ ጭልፋ ሥጋ ለማግኘት ስንቱ እንደሚለቀም ይገምቱት። በጎርጎራና በደምቢያ ለረጅም ዘመን የኖረውን ብልሃርዝያ የሚባለውን በሽታ የሚያመጣውን ጥገኛ ትል የሚያሳድገውም ይኸው ነው። በሽታው የሚይዘው በመብላት አይደለም፤ ጥገኛው ከቀንድ አውጣው ወጥቶ፣ በተለይም ፀሐይ በበረታበት እኩለ ቀን፣ በውኃው ውስጥ እየዋኘ የሰውን ቆዳ በደቂቃዎች ውስጥ ይበሳል። ስለዚህ ቀንድ አውጣው በድስት ውስጥ የቱንም ያህል ቢንተከተክ፣ ልጆቹ ባዶ እግራቸውን ሲለቅሙ የሚያገኛቸውን አያስቀርም። እ.ኤ.አ. በ1964 ብልሃርዝያን ያጠና የነበረው ኢትዮጵያዊ ተመራማሪ ዶክተር አክሊሉ ለማ አድዋ ላይ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ባየ ጊዜ ያስደሰተው መሞታቸው እንጂ ሥጋቸው እንዳልነበረ ለወንድምዎ ይንገሩልኝ።

ፕሮቲን ከፈለገ ከጣና የሚወጣው ቀረሶ የሚባለው ዓሣ በ100 ግራም 20 ግራም ያህል አለው፤ ቅርፊትና ክንፍም ስላለው የሚያከራክር አይደለም። ልጆቹ እስካሁን መገጭ ገብተው ከሆነ ግን በአቅራቢያቸው ባለ ጤና ጣቢያ የሰገራ ምርመራ ያድርጉ፤ ብልሃርዝያ ከተገኘባቸው ፕራዚኳንቴል በሚባለው ኪኒን ይታከማል።