ከ939 በፊት ያሉት ደቂቃዎች፦ ስለ ቤትና ስለ ንግድ ቦታ የአደጋ ዝግጅት ጥያቄና መልስ

ጤና ይስጥልኝ። ለብዙ ዓመታት በእሳትና ድንገተኛ አደጋ መከላከል ሥራ ቆይቼ አሁን በሕንፃዎችና በንግድ ቦታዎች ደኅንነት ላይ እያማከርሁ እገኛለሁ። ከላካችሁልኝ ጥያቄዎች ብዙዎቹ ተቀራራቢ ስለሆኑ አጣምሬ እመልሳለሁ። በሁሉም መልሶቼ ውስጥ የምታገኙት አንድ እምነት አለ፤ የአደጋው መጠን በአብዛኛው የሚወሰነው በእሳትና ድንገተኛ አደጋ ስልክ ቁጥር በ939 የጠራነው የእርዳታ መኪና ከመድረሱ በፊት ባሉት ጥቂት ደቂቃዎች፣ በቦታው በተገኙት ሰዎች እጅ ነው።

ጥያቄ፦ በኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ከሦስት ልጆቼና ከአረጋዊት እናቴ ጋር እኖራለሁ። ለአደጋ ለመዘጋጀት መጀመሪያ ምን ልግዛ?

ምንም ከመግዛትዎ በፊት አንድ ምሽት መብራት አጥፍታችሁ ሁላችሁም ከመኝታ ክፍል እስከ ግቢው ድረስ ወጥታችሁ እዩት። ሌባ ለመከላከል የምናስገጥመው የብረት በር ሌሊት ተቆልፎ ቁልፉ በአንድ ሰው ኪስ ወይም በማይታወቅ መሳቢያ ውስጥ ካደረ፣ ጭስ በገባ ጊዜ ቤቱ መውጫ ያጣል። ቁልፉ ከበሩ አጠገብ፣ ከውጭ እጅ በማይደርስበት፣ ነገር ግን ልጅም ቢሆን በጨለማ ዳብሶ በሚያገኘው ቦታ ይሰቀል። እናትዎን ማን ደግፎ ወይም ተሸክሞ እንደሚያወርድ፣ እርስዎ ቤት በሌሉበት ጊዜም የትኛው ጎረቤት እንደሚተካዎ ዛሬውኑ ተነጋገሩ። ጭስ ወደ ላይ ስለሚወጣ ልጆቹ ወደ ወለል ተጠግተው መሄድን ይልመዱ፤ የሚወጣውም የመጨረሻ ሰው በሩን ሳይቆልፍ ይዝጋው፤ የተዘጋ በር እሳቱንና ጭሱን ያዘገየዋል። ደረጃው በጭስ ከተሞላ ግን ወደ ቤት ተመልሶ በሩን መዝጋት፣ ክፍተቱን በእርጥብ ጨርቅ መድፈንና ከመስኮት ወይም ከሰገነት ሆኖ መጣራት ይሻላል።

ከዚህ በኋላ ወደ ዕቃው እንመጣለን። ለአንድ ሰው በቀን 4 ሊትር ውኃ ብንይዝ ለአምስታችሁ ለሦስት ቀን 60 ሊትር ይሆናል፤ ይህም ሦስት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ማለት ነው። የእናትዎ የዘወትር መድኃኒት፣ ባትሪ መብራት፣ የስልክ ባትሪ መሙያ፣ ጥቂት ጥሬ ገንዘብ፣ እንዲሁም የቤት ካርታ ወይም ውል፣ የልደት ምስክር ወረቀትና የመታወቂያ ቅጂዎች በአንድ ቦርሳ ተቀምጠው በር አካባቢ ይቆዩ።

ጥያቄ፦ በወጥ ቤት በኩል በጣም የሚያሰጋዎት ምንድን ነው?

ብዙዎች ጋዝ ይላሉ፤ እኔ ግን አስቀድሜ የምጠቅሰው ምጣዱን ነው። እንጀራ እየተጋገረ መብራት ሲጠፋ ማጥፊያውን ሳይነኩ መውጣት የተለመደ ነው። መብራቱ ሲመለስ ምጣዱ ሰው በሌለበት ይግላል፤ በአጠገቡ ማሰሻ ጨርቅ ወይም ሰፌድ ካለ ደግሞ እሳት ለመነሣት ሌላ ምክንያት አያስፈልገውም። መብራት ሲጠፋ የምጣዱን፣ የምድጃውንና የካውያውን ሶኬት መንቀል የቤተሰቡ ሁሉ ልማድ ይሁን። ምጣድን ከፍሪጅና ከሌላ ዕቃ ጋር በአንድ ኤክስቴንሽን ላይ መሰካትም ገመዱን ከዐቅሙ በላይ ያግለዋል።

የጋዝ ሽታ ከተሰማ መብራት ማብራትም ማጥፋትም አያስፈልግም፤ ሁለቱም ብልጭታ ይፈጥራሉ። የሲሊንደሩን ቫልቭ ዘግቶ በርና መስኮት ከፍቶ መውጣት ነው። ዘይት በመጥበሻ ላይ ሲነድ ውኃ መድፋት እሳቱን ይበትነዋል፤ ምድጃውን አጥፍተው በክዳን ይድፈኑት። በክረምት ብርድ ለመከላከል የከሰል ምድጃ መኝታ ክፍል አስገብቶ መተኛት ደግሞ ቤተሰብ በሙሉ ሳይነቃ እንዲቀር የሚያደርግ ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ የከሰሉ ጭስ መጥፋቱ ጋዙ ስለመጥፋቱ ማረጋገጫ አይሆንም።

ጥያቄ፦ መርካቶ ውስጥ የልብስ መደብር አለኝ። ጥቅምት 2017 ዓ.ም. በሸማ ተራ የደረሰውን ቃጠሎ ካየሁ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ኢንሹራንስ ገብቻለሁ፤ ይበቃኛል?

ውልዎ ላይ የተጻፈውን የገንዘብ መጠን ዛሬ መደብሩና መጋዘኑ ውስጥ ካለው ዕቃ ዋጋ ጋር ያስተያዩ። ብዙ ነጋዴዎች ዓረቦኑን ለመቀነስ የዕቃቸውን ዋጋ አሳንሰው ያስመዘግባሉ፤ ወይም ውሉን ከዓመታት በፊት ባለው ዋጋ ያድሳሉ። ዕቃዎ 4 ሚሊዮን ብር እያወጣ በ1 ሚሊዮን ብር ብቻ ዋስትና ገብተው የ800,000 ብር ጉዳት ቢደርስብዎ፣ የተመጣጣኝነት ደንብ ባለበት ውል የሚከፈልዎ ሩቡ፣ ማለትም 200,000 ብር ይሆናል፤ ከዚያም ላይ የእርስዎ ድርሻ ተብሎ በውሉ የተቀመጠው ይቀነሳል። በካዝና የሚያድር ጥሬ ገንዘብ፣ የመሬት መንቀጥቀጥና የጎርፍ ጉዳትም በመደበኛው የእሳት ውል ውስጥ ላይካተቱ ስለሚችሉ አንድ በአንድ ይጠይቁ።

ሌላው ማስረጃ ነው። መደብሩ ሲቃጠል ደረሰኙና የዕቃ መዝገቡ አብረው ከተቃጠሉ ምን ያህል ዕቃ እንደነበረዎ የሚያሳይ ነገር አይኖርም። በየሳምንቱ የመዝገቡን ገጾች፣ የግዢ ደረሰኞችንና የመደርደሪያዎቹን ፎቶ በስልክ አንሥተው ከመደብሩ ውጭ ላለ የቤተሰብ አባል በቴሌግራም ይላኩ። የንግድ ፈቃድና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ምስክር ወረቀት ቅጂም እንዲሁ።

ስለ መርካቶ ይህን ልጨምር። የአንድ ነጋዴ ጥንቃቄ ብቻውን እዚያ አያድንም። መደብሮቹ ግድግዳ ለግድግዳ የተያያዙ ናቸው፤ ጨርቅ፣ ስፖንጅና ፕላስቲክ እስከ ጣሪያ ይከመራል፤ መተላለፊያውም በሸቀጥ ስለሚሞላ የእሳት አደጋ መኪናም ሆነ ሰው ለመግባት ይቸገራል። በዚህ ነገር ልቤ ያዝናል፤ ምክንያቱም መፍትሔው ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም። በአንድ ረድፍ ያላችሁ ነጋዴዎች መተላለፊያውን ባዶ ለማድረግ፣ ማታ ስትዘጉ ብሬከሩን ለማውረድና ለዘበኛው የሁላችሁንም ስልክ ለመስጠት ብትስማሙ ነገሩ ይለወጣል። ዘበኛው ሌሊት ጭስ ሲያይ መጀመሪያ ወደ 939 እንዲደውል፣ ባለመደብሩን ከዚያ በኋላ እንዲጠራ በግልጽ ይነገረው።

ጥያቄ፦ የእሳት ማጥፊያ ገዝቼ ግድግዳ ላይ ሰቅያለሁ። አጠቃቀሙን በአጭሩ ቢነግሩን?

ከመውጫው አጠገብ ይሰቀል እንጂ ከመደብሩ ጀርባ አይሁን። ፒኑን ይንቀሉ፤ አፉን ወደ ነበልባሉ ጫፍ ሳይሆን ወደ እሳቱ ሥር ያነጣጥሩ፤ እጀታውን ጨምቀው ግራና ቀኝ ይጥረጉ። ባለ 6 ኪሎ የዱቄት ማጥፊያ በሰከንዶች ውስጥ የሚያልቅ በመሆኑ ለጀማሪ እሳት ብቻ ነው። ጀርባዎን ሁልጊዜ ለመውጫው ይስጡ፤ ካልጠፋ ይውጡ። በየወሩ የጠቋሚውን መርፌ አረንጓዴው ላይ መሆኑን ይመልከቱ።

ጥያቄ፦ ወደ 939 ስንደውል ምን እንበል? ሰፈራችን የቤት ቁጥር እንኳ የለውም።

የሚነደውን ነገር፣ በውስጥ ሰው መኖር አለመኖሩን፣ ከዚያም ክፍለ ከተማውን፣ ወረዳውንና ሁሉም የሚያውቀውን ምልክት፣ ለምሳሌ ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድ ወይም ትምህርት ቤት፣ ይናገሩ። ስልኩን ቀድመው አይዝጉ። ሁለት ወጣቶች ወደ ዋናው መንገድ ሮጠው መኪናውን ይምሩ፤ ሌሎች ደግሞ በመግቢያው የቆሙ መኪናዎችን ያስነሡ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ ፖሊስ 991 ነው፤ ሦስቱንም ቁጥሮች ልጆች በቃላቸው ይያዙ።

ጥያቄ፦ የምኖረው ዋሽንግተን ነው። እናቴ ድሬዳዋ ውስጥ በደቻቱ ወንዝ አካባቢ ብቻዋን ትኖራለች። ከሩቅ ሆኜ ምን ላድርግ?

የ1998 ዓ.ም. የክረምት ጎርፍ ከ200 በላይ ሰዎችን የገደለው ሌሊት ሰው ተኝቶ ሳለ ነበር። ደቻቱ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ስለሆነ ያዘናጋል፤ ውኃው የሚመጣው ግን ከላይ ከሐረርጌ ደጋ በመሆኑ ከተማው ውስጥ ዝናብ ሳይዘንብም ሊሞላ ይችላል። ስለዚህ በክረምት እናትዎ ከፍ ባለ ሰፈር ካለ ዘመድ ጋር የማደር ስምምነት ይኑራቸው፤ በደጋው በኩል ያለ አንድ ዘመድም ከባድ ዝናብ ሲያይ እንዲደውልላቸው ያድርጉ። ወራጅ ውኃ ከቁርጭምጭሚት ብዙም ሳያልፍ ሰው ይጥላልና ዕቃ ለማዳን ወደ ውኃው መመለስ እንደማይገባ ደጋግመው ይንገሯቸው። ገንዘብ የሚልኩላቸው ከሆነም ከፊሉን ሰነዶቻቸውን ለማስቀመጫ የሚሆን ውኃ የማያስገባ ሣጥን ይግዙበት።

ጥያቄ፦ በፈንታሌ አካባቢ የነበረው የመሬት መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ሲሰማን ሁላችንም በደረጃ ተጋፍተን ወረድን። ትክክል ነበርን?

በ2017 ዓ.ም. ብዙ ሰው እንዲሁ አድርጓል፤ ፍርሃቱም የሚገባ ነው። ነገር ግን ፎቅ ላይ ሳሉ በመናወጡ መካከል በደረጃ መሮጥ ለመውደቅና ለመረጋገጥ ያጋልጣል፤ ውጭ ደግሞ መስታወትና የግድግዳ ልባስ ይወርዳል። በጠንካራ ጠረጴዛ ሥር ጎንበስ ብለው ራስዎንና አንገትዎን ሸፍነው መናወጡ እስኪቆም ይጠብቁ፤ ከዚያ በደረጃ ይውረዱ፤ ሊፍት አይጠቀሙ። በር አጠገብ ሆነው ከምድር ቤት ወደ ሜዳ መውጣት ከቻሉ፣ በተለይ ቤቱ የድንጋይና የጭቃ ከሆነ፣ ወዲያው መውጣት ይሻላል። ለዛሬ ሊሠሩት የሚችሉት ቁም ሣጥንን፣ መደርደሪያንና ቴሌቪዥንን ከግድግዳ ጋር ማሰር ነው።

ጥያቄ፦ የእድራችን ዳኛ ነኝ። እድር በዚህ ጉዳይ ምን ሊያደርግ ይችላል?

ይህን ስለጠየቁ ደስ ብሎኛል። እድር የአባላት ዝርዝር፣ ድንኳን፣ በርሜል፣ ገንዘብና ጥሩምባ አለው፤ ከማንም በላይ ደግሞ የትኛው ቤት ውስጥ አልጋ የያዘ እንዳለ ያውቃል። በሚቀጥለው ስብሰባ ያለ እርዳታ መውጣት የማይችሉትን ሰዎች ዝርዝር አዘጋጁና ለእያንዳንዳቸው ሁለት ደራሽ መድቡ። ጥሩምባው ለለቅሶ ከሚነፋበት የተለየ፣ ሁሉም የሚያውቀው የአደጋ አነፋፍ ይኑረው።

ለአባላቱ ስለ አዳኞች ደኅንነትም ይንገሩልኝ። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ መሬት ተንሸራቶ ሰዎችን ሲቀብር፣ ጎረቤቶቻቸውን ለማውጣት በቁፋሮ ላይ ከነበሩት ብዙዎቹ ተከትሎ በመጣው ናዳ ተቀብረዋል። ደራሽነታችን ትልቅ ሀብታችን ስለሆነ በሥርዓት እንጠብቀው። ዳገት ሥር ስትቆፍሩ ሌላ ሥራ የሌለው አንድ ሰው ከጎን ከፍ ብሎ ዳገቱን ብቻ ይመልከት፤ ድንጋይ ሲንከባለል ወይም አዲስ ስንጥቅ ሲከፈት ካየ ጥሩምባውን ይንፋ፤ ድምፁ ሲሰማም ሁሉም አካፋውን ጥሎ አስቀድሞ በተነገረው አንድ አቅጣጫ ይውጣ።