መኪናችሁ የማን ነው? ለወጣት አሽከርካሪዎች

ልጆቼ፣ ዕድሜዬን ያሳለፍኩት ኮፈን ከፍቼ ነው። ሥራ ስጀምር የምፈታው ካርቡሬተር፣ ማለትም ነዳጁን ከአየር ጋር የሚቀላቅለው ዕቃ ነበር፤ ዛሬ መኪና ሲገባልኝ መጀመሪያ የማነሳው ላፕቶፕ ነው፣ መፍቻው ቀጥሎ ይመጣል። ወጣቶች ሁሌ የሚጠይቁኝ አንድ ጥያቄ አለ። "ጋሼ፣ የድሮ መኪና ይሻላል የአሁኑ? ይሄ ሁሉ ኤሌክትሮኒክስ ጠቀመን ወይስ ጎዳን?"

መልሴ ሁለት ነው። መንዳቱን ቴክኖሎጂ አሻሽሎታል፣ ያውም በጣም። የመኪና ባለቤት መሆንን ግን እያበላሸው ነው። የማንግባባው ሁለቱን ደባልቀን ስለምናወራ ይመስለኛል። እኛ የቀደምነው "ድሮ ቀረ" እንላለን፣ እናንተ ደግሞ አዲስ የመጣውን ሁሉ ታደንቃላችሁ፣ ሁላችንም ግማሽ እውነት ይዘን እንቀራለን።

ከድሮው ልጀምር፣ ምክንያቱም ናፍቆት ብዙ ነገር ይደብቃል። የካርቡሬተር መኪና በብርድ ጠዋት ማስነሳት ራሱን የቻለ ሥራ ነበር። አየሩን የሚቀንሰውን ቾክ መሳብ፣ ነዳጅ መርገጥ፣ ከበዛበት ደግሞ ካንዴላው ይርስና ፈትቶ ማድረቅ። ከፍታ ላይ ስትወጡ አየሩ ይሳሳል፤ ካርቡሬተሩ ግን ይህን የሚያውቅበት መንገድ የለውም፣ ቆላ ላይ የሚሰጠውን ያህል ቤንዚን ይሰጣል፣ መኪናው ጥቁር ጭስ እየተፋ ጉልበት ያጣል። የጀርመኑ ኩባንያ ቦሽ እ.ኤ.አ. በ1967 (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመታትም ሁሉ እንዲሁ ናቸው) በኤሌክትሮኒክስ የሚታዘዝ የነዳጅ መርጫ ለቮልስዋገን አቀረበ። በ1976 ደግሞ የጭስ ማውጫ ውስጥ ገብቶ የተረፈውን ኦክሲጅን የሚለካ ሴንሰር ቮልቮ ላይ ተገጠመ። ከዚያ በኋላ ኮምፒውተሩ የሰጠው ነዳጅ በዝቶ ወይም አንሶ እንደሆነ እዚያው እያየ ያስተካክላል። ብርዱም፣ ከፍታውም፣ የሞተሩ እርጅናም በአብዛኛው በሱ በኩል ያልቃል። የአሁን ሞተር በትንሽ ነዳጅ ብዙ ኪሎ ሜትር የሚሄደው፣ ዘይት በሰዓቱ ከተቀየረለትም ዕድሜው የሚረዝመው በዚህ ምክንያት ጭምር ነው። ይህን መልሼ በካርቡሬተር አልለውጥም።

ፍሬን ላይ ያለው ለውጥ ደግሞ የሰው ሕይወት ነው። ኤቢኤስ በአሁኑ መልኩ በ1978 በመርሴዲስ ኤስ-ክላስ ገበያ ወጣ። ሥራው ጎማው ሙሉ በሙሉ እንዳይቆለፍ መከልከል ነው፤ የተቆለፈ ጎማ ይንሸራተታል እንጂ መሪ አይሰማም። በ1995 ኢኤስፒ የሚባለው መጣ። መኪናው መሪው ካሳየው አቅጣጫ ወጥቶ መዞር ሲጀምር ሴንሰሩ ያያል፣ ከአራቱ ጎማ አንዱን ብቻ ነጥሎ ፍሬን ይይዝና ወደ መስመሩ ይመልሰዋል። የፈለገ ጎበዝ ሹፌር ይህን ማድረግ አይችልም፤ እግሩ ሥር ያለው ፍሬን አንድ ነው። በ1997 የስዊድን ጋዜጠኞች አዲሱን መርሴዲስ ኤ-ክላስ ድንገተኛ እንቅፋት እንደሚሸሽ ሰው ግራ ቀኝ ሲያዞሩት ተገለበጠ። ኩባንያው ኢኤስፒን በሁሉም ኤ-ክላስ ላይ ለመግጠም ተገደደ፣ ዛሬ ደግሞ በአውሮፓም በአሜሪካም ያለሱ አዲስ መኪና መሸጥ በሕግ አይቻልም።

እዚህ ላይ አደራ የምላችሁ ነገር አለ። ኤቢኤስ ያለው መኪና ላይ ድንገት ማቆም ሲኖርባችሁ ፍሬኑን እስከ መጨረሻው ረግጣችሁ ያዙ። ፔዳሉ ከእግራችሁ ሥር ይንቀጠቀጣል፣ ይንኳኳል። ሥራውን እየሠራ ነው፣ አትልቀቁ። እየረገጡ መልቀቅ የኛ ዘመን ዘዴ ነው፣ ኤቢኤስ ላይ የማቆሚያውን ርቀት ያስረዝማል። ግን ደግሞ ልቅ ጠጠር ላይ ኤቢኤስ ከተራ ፍሬን ይልቅ ረዝሞ ሊቆም ይችላል፣ ምክንያቱም የተቆለፈ ጎማ ከፊቱ ጠጠር ክምር ሠርቶ ራሱን ያቆም ነበር። ስለዚህ ጠጠር ላይ ርቀታችሁን ጨምሩ። በ1980ዎቹ ሙኒክ ውስጥ ገሚሶቹ ኤቢኤስ የተገጠመላቸው፣ ገሚሶቹ ያልተገጠመላቸው ታክሲዎች ተነጻጽረው ነበር። የአደጋው ቁጥር ይህ ነው የሚባል ልዩነት አላሳየም፤ ኤቢኤስ ያላቸው ሹፌሮች ተማምነው ጠጋ ብለው፣ ፈጠን ብለው ይነዱ ነበር። መኪናው የሰጣችሁን ትርፍ በፍጥነት መልሳችሁ አትክፈሉት።

መስመር ጠብቆ፣ ከፊት ካለው መኪና ርቀቱን ጠብቆ የሚሄደውን አዲሱን ረዳት በተመለከተ ብዙ አልልም። ጥሩ ነው፣ ረጅም መንገድ ላይ ድካም ይቀንሳል። ግን ዛሬ ሰው ከሚነዳቸው መኪኖች ውስጥ በብዛት ያለው ደረጃ ሁለት የሚባለው ነው፣ እዚያ ላይ ደግሞ ዓይንም ኃላፊነትም የናንተ ነው። ማስታወቂያው ምንም ይበል።

አሁን ወደሚያናድደኝ ልምጣ። ስክሪን።

ነጂው ዓይኑን ሳያነሳ በጣቱ ዳብሶ የሚያገኘውን ማዞሪያ ነቅሎ የመስታወት ሰሌዳ ላይ መለጠፍ ማሻሻል ነው ብሎ የሚያሳምነኝ ሰው እስካሁን አላገኘሁም። በ2022 አንድ የስዊድን የመኪና መጽሔት ፈተሸው። በሰዓት 110 ኪሎ ሜትር እየነዱ ሙቀት ማስተካከልና ሬዲዮ መቀየርን የመሰሉ ቀላል ሥራዎችን ማከናወን ነበር። ቁልፍና ማዞሪያ ያለው የ2005 ቮልቮ ቪ70 በ10 ሰከንድ ጨረሰ፣ 306 ሜትር ሄዶ። መጨረሻ የወጣው ዘመናዊ መኪና 44.9 ሰከንድ ፈጀ፣ 1,372 ሜትር ሄደ። ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ፣ ሐሳብ ተከፍሎ! ኩባንያዎቹ ይህን የሚያደርጉት ለውበቱ ብቻ አይመስለኝም፤ አንድ ስክሪን ከብዙ ቁልፍና ከብዙ ሽቦ ይረክሳል። የአውሮፓው የደህንነት ፈታሽ ዩሮ ኤንካፕ ከ2026 ጀምሮ ፍሬቻ፣ ክላክስ፣ የዝናብ መጥረጊያና የአደጋ መብራት የራሳቸው ቁልፍ ከሌላቸው ነጥብ እቀንሳለሁ ማለቱ ትልቅ ነገር ነው። እናንተ ግን እሱን አትጠብቁ። መኪና ልትገዙ ስትሄዱ ቆማችሁ ሳለ ዓይናችሁን ጨፍኑና የፊት መስታወት ጉም የሚያጠፋውን ቁልፍ ፈልጉ። በጣታችሁ ካጣችሁት ዝናብ ላይም አታገኙትም።

ባለቤትነቱ ላይ ነገሩ ይከብዳል።

በመልካሙ ልጀምር። ከ1996 ወዲህ አሜሪካ ውስጥ፣ ከ2001 ወዲህ ደግሞ አውሮፓ ውስጥ የሚሸጡ አዳዲስ የቤንዚን መኪኖች መሪው አካባቢ አንድ ዓይነት የመመርመሪያ ሶኬት እንዲኖራቸው ሕጉ አስገደደ። ኦቢዲ የሚባለው። እዚያ ላይ የሚሰካ ትንሽ ርካሽ ማንበቢያ አለ፣ ከስልክ ጋር ይገናኛል። ግዙ። መኪና ያለው ወጣት ሁሉ ኪሱ ውስጥ ሊኖረው ይገባል እላለሁ፣ ምክንያቱም ቼክ ኢንጂን የሚባለው የሞተር ማስጠንቀቂያ መብራት ሲበራ ገንዘባችሁን ይዛችሁ በጨለማ አትገቡም።

ግን ማንበቢያው የሚያወጣውን የብልሽት ኮድ አንብቡ እንጂ አትመኑት። ፒ0171 ወጣ እንበል። ይህ ማለት ሞተሩ ከነዳጁ ይልቅ አየር በዝቶበታል ማለት ነው፣ ሌላ አልተባለም። ብዙ ሰው ወዲያው የኦክሲጅን ሴንሰር ይቀይራል፣ መብራቱ ከሳምንት በኋላ ተመልሶ ይበራል። ጥፋቱ የተሰነጠቀ የአየር ቱቦ ሊሆን ይችላል፣ የቆሸሸ የአየር መለኪያ ሊሆን ይችላል፣ የደከመ የነዳጅ ፓምፕም ሊሆን ይችላል። ኮዱ ልክ እንደ ትኩሳት ነው፤ መታመማችሁን ይነግራል፣ ወባ ይሁን ጉንፋን አይነግርም። ስለዚህ ኮዱን አይቶ ሳይለካ "ይሄ ይቀየር" የሚላችሁን መካኒክ "በምን አረጋገጥክ?" በሉት። ጥሩ ባለሙያ በዚህ ጥያቄ አይቆጣም። እንዲያውም ደስ ይለዋል።

ሌላም ልንገራችሁ። ዳሽቦርዱ ላይ የማይገናኙ መብራቶች በአንድ ጊዜ ሲበሩ፣ የፍሬኑም፣ የመሪውም፣ የካምቢዮውም፣ መጀመሪያ ባትሪውን አስለኩ። የደከመ ባትሪ ኮምፒውተሮቹ የሚፈልጉትን ቮልት ሲያሳጣቸው እያንዳንዱ የየራሱን አቤቱታ ያሰማል። ኤሌክትሪክ መኪና ያላችሁም ብትሆኑ፤ በአብዛኞቹ ላይ ከትልቁ ባትሪ ሌላ ተራ የ12 ቮልት ባትሪ አለ፣ እሱ ሲሞት ትልቁ ሙሉ ሆኖ መኪናው አይነሳም። "ይህ ዘይት የዕድሜ ልክ ነው፣ አይቀየርም" የሚለውንም አትቀበሉ። አውቶማቲክ ካምቢዮ ውስጥ ያለ ዘይት ያረጃል፣ ቀይሩት።

ችግሩ የሚጀምረው ከዚህ ወዲያ ነው። የፊት መስታወት ድሮ መስታወት ብቻ ነበር። አሁን ከኋላው ካሜራ አለ፣ ሲቀየር ካሜራው እንደገና በመሣሪያ መስተካከል አለበት፣ ካልሆነ ራሱን የሚያቆመው ፍሬን የሚያየው የተዛነፈ መንገድ ነው። ባምፐሩ ውስጥ ራዳር፣ ስፖኪዮው ውስጥ ካሜራና ሴንሰር። ቀላል ግጭት የነበረው ነገር ትልቅ ወጪ ሆነ። ይህን እንኳ እቀበላለሁ፤ እነዚህ ነገሮች ሰው ያድናሉ።

የማልቀበለው ሌላ ነው። ትክክለኛ መለዋወጫ ገዝታችሁ፣ በትክክል ተገጥሞ፣ ኩባንያው በኢንተርኔት ፈቃድ ካልሰጠው አልሠራም የሚል መኪና። አሜሪካ ውስጥ የማሳቹሴትስ ሕዝብ በ2020 ድምፅ ሲሰጥ ከአራት መራጭ ሦስቱ ያህል መኪናው የሚያወጣው የጥገና መረጃ ለባለቤቱና ባለቤቱ ለመረጠው ጋራዥ ክፍት ይሁን ብሏል፤ የመኪና አምራቾች ግን ፍርድ ቤት ሄዱበት። በ2022 ቢኤምደብልዩ በአንዳንድ አገሮች መቀመጫው ውስጥ አስቀድሞ የተገጠመውን ማሞቂያ በወር ክፍያ ማከራየት ጀመረ፤ ገዢው ተቆጣ፣ በዓመቱ ተወው። ቁጣ ይሠራል ልጆች፣ ይህን ያዙልኝ። በ2024 ደግሞ ጄኔራል ሞተርስ ሰዎች እንዴት ፍሬን እንደሚይዙና እንዴት እንደሚፈጥኑ የሚያሳይ መረጃ ለሌሎች ድርጅቶች፣ በነሱም በኩል ለኢንሹራንስ ኩባንያዎች ሲሰጥ እንደነበር ይፋ ወጣ። የኢንሹራንስ ክፍያቸው ለምን እንደጨመረ ግራ የገባቸው ሰዎች ነበሩ።

ዕድሜውንም አስቡት። በደንብ የተያዘ ሞተር ሃያ ዓመት ይሠራል። ስክሪኑ ውስጥ ያለው ኮምፒውተርስ? በ2021 ቴስላ ወደ 135 ሺህ የሚጠጉ ሞዴል ኤስና ሞዴል ኤክስ መኪኖችን ለጥገና ጠርቷል፤ ስክሪኑ ውስጥ ያለች 8 ጊጋባይት ሚሞሪ በየጊዜው ሲጻፍባት አልቃ፣ የኋላ ካሜራውንና የመስታወት ጉም ማጥፊያውን ይዛ ትጠፋ ነበር። በ2022 አሜሪካ ውስጥ የ3ጂ ኔትወርክ ሲዘጋ ደግሞ አደጋ ሲደርስ በራሳቸው እርዳታ ይጠሩ ከነበሩ መኪኖች ብዙዎቹ ይህን ችሎታ አጡ። መኪናው አልተበላሸም። ባለቤቱም አላጠፋም።

ስለዚህ ስትገዙ የፈረስ ጉልበቱን ከመጠየቃችሁ በፊት እነዚህን ጠይቁ። ይህ መኪና ኢንተርኔት ባይኖር የትኛው ሥራው ይቆማል? ሶፍትዌሩ እስከ መቼ ይታደሳል? ከፍዬ የጨረስኩት የትኛው ነው፣ በየወሩ የሚከፈልበትስ? ባትሪውን ወይም አንድ መብራት የፈለግሁት ጋራዥ ቢቀይርልኝ መኪናው ይቀበለዋል? ሻጩ ካላወቀ አውቆ ይምጣ። ኤቢኤስ፣ ኢኤስፒ፣ ኤርባግ፣ ራሱን የሚያቆም ፍሬን፣ የኋላ ካሜራ፣ ለነዚህ ገንዘብ ጨምሩ፣ አይቆጭም። ለትልቅ ስክሪን፣ በድምፅ ለሚከፈት መስኮት፣ ቀለሙን ለሚቀያይር የውስጥ መብራት ግን አንድ ሳንቲም አትጨምሩ፤ ዋስትናው ካለቀ በኋላ ጋራዥ የሚያመላልሳችሁ ብዙውን ጊዜ እሱ ነው።

ያገለገለ የምትገዙ ደግሞ አንድ ነገር አትርሱ፣ ብዙ ሰው ይረሳዋል። ዘመናዊ መኪና ከስልክ ጋር ይተሳሰራል። የድሮው ባለቤት አካውንት ካልተሰረዘ መኪናው የት እንደቆመ ከቤቱ ሆኖ ሊያይ፣ አንዳንዱ ላይ በሩንም ሊከፍት ይችላል። ገንዘቡን ከመክፈላችሁ በፊት ፊታችሁ አካውንቱን ያጥፋ፣ ቁልፎቹን በሙሉ ያስረክብ፣ ከዚያም ስክሪኑ ወደ ፋብሪካ ይዞታው ይመለስ። ስትሸጡም እንደዚሁ አድርጉ፤ የቤታችሁ አድራሻና የስልክ ማውጫችሁ እዚያ ውስጥ ነው።