ማድረቂያው ለገመ፦ የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ከደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ ሂት ፓምፕ ልብስ ማድረቂያ ናቸው። «በድሬ ፀሐይ?» ብዬ ስቄ ነበር። ግን አንሶላ የሚያሰጡ ሰዎች ያውቁታል፤ እዚህ ሽቦ ላይ ከፀሐዩ ቀድሞ አቧራው ይደርሳል።

«ከዚራ አካባቢ ትንሽ የእንግዳ ማረፊያ አለኝ። ማድረቂያው ፎጣ ለማድረቅ ሁለት ሰዓት ተኩል ይፈጅበት ነበር። አሁን አራት ሰዓት ዞሮም የፎጣው ጠርዝ እርጥብ ነው። ፊልተሩን በየቀኑ እጠርጋለሁ።»

መጥረግ ሌላ፣ ማጠብ ሌላ። ፊልተሩን አውጥተው ቧንቧ ሥር ይያዙት። ውሃው ሳያልፍ እላዩ ላይ ከተጠራቀመ ወንፊቱ ተደፍኗል ማለት ነው። ለዓይን ንጹሕ ይመስላል፤ የደፈነው ብዙ ጊዜ የልብስ ማለስለሻ ቅሪት ነው። በሞቀ ውሃና በለስላሳ ብሩሽ ይጠቡት፤ ሳይደርቅ አይመልሱት።

ካልተሻለው ወደ ውስጥ እንግባ። ይህ ማሽን የፍሪጅ ዘመድ ነው፤ ኮምፕረሰርና ጋዝ አለው። ሞቃቱ አየር ከልብሱ እርጥበቱን ይዞ ይወጣል፣ በቀዝቃዛዎቹ ስስ የብረት ቅጠሎች መሃል ሲያልፍ ውሃውን ይጥላል፣ እንደገና ሞቆ ወደ ከበሮው ይመለሳል። ከፊልተሩ ያመለጠ ብናኝ እነዚያ ቅጠሎች ላይ ተጋግሮ እንደ ብርድ ልብስ ይሸፍናቸዋል። በብዙ ማሽኖች ከፊት በኩል ታች ባለች ትንሽ በር ይታያሉ። ሶኬቱን ይንቀሉ፣ ጓንት ያድርጉ (ጠርዛቸው ይቆርጣል)፣ በለስላሳ ብሩሽ ከላይ ወደ ታች ብቻ ይጥረጉ። ወደ ጎን ከጠረጉ ይታጠፋሉ። በር የሌለው ማሽን ከሆነ ለባለሙያ ይተዉት።

ማጠቢያውንም ይጠርጥሩ። 7 ኪሎ የጥጥ ልብስ በደቂቃ 1000 ዙር ተጨምቆ ሲወጣ 4 ሊትር ያህል ውሃ ይዞ ይቀራል፤ በ1400 ዙር ግን ወደ 3 ሊትር ተኩል ይወርዳል። ያ ግማሽ ሊትር ማድረቂያው ላይ ረጅም ጊዜ ነው።

«የእኔ ደግሞ ቶሎ ይቆማል፤ ልብሱ ግን እርጥብ ነው። ሳቢያን ነኝ።»

ከበሮው አፍ አካባቢ ሁለት ትናንሽ የብረት ዘንጎች አሉ፤ እርጥበት የሚለካው ሴንሰር እነሱ ናቸው። ማንቆርቆሪያችን ውስጥ ነጭ ቅርፊት የሚተወው ውሃችንና ማለስለሻው ሲለብሷቸው ልብሱ የደረቀ ይመስላቸዋል። ጨርቅ በአቼቶ ነክረው ይወልውሏቸው።

«ማሽኑ ያለው ቆርቆሮ ጣሪያ ስቶር ውስጥ ነው። ጠዋት ደህና ይሠራል፣ ከሰዓት በኋላ ይለግማል።»

እርስዎም እዚያ ቢቀመጡ ይለግማሉ አቦ! አብዛኞቹ አምራቾች የክፍሉ ሙቀት ከ35 ዲግሪ እንዳይበልጥ ይመክራሉ፤ የግንቦት ቆርቆሮ ሥር ያንን ማለፍ ቀላል ነው። ማሽኑ ራሱም ክፍሉን ያሞቃል። በሩን ይክፈቱለት፣ ከግድግዳው ያርቁት፣ ማታ ወይም ማለዳ ያሠሩት። መብራት ሄዶ ሲመጣ ደግሞ አምስት ደቂቃ ይታገሱት፤ ኮምፕረሰር ወዲያው መነሳት ያስቸግረዋል።

«ሐረር ነኝ። የፍሪጅ ሠራተኛ ጋዙ አልቋል፣ እንሙላው አለኝ።»

በእኔም ደርሷል። ጋዝ አስሞልቼ፣ ከፍዬ፣ ማድረቂያው እንደዚያው ቀረ። በኋላ ስከፍተው ቅጠሎቹ ላይ የተጋገረው ብናኝ እንደ በርኖስ ወፍሮ አገኘሁት። ጋዝ የታሸገ ነው፤ ካልሾለከ አያልቅም። ስለዚህ መጀመሪያ ይሞክሩት። ካስነሱት ከግማሽ ሰዓት በኋላ ልብሱን ይንኩ፤ ሞቆ ከሆነና የውሃ ማጠራቀሚያው ውስጥ ውሃ ካለ ጋዙን ይተዉት፣ ወደ ብናኙ ይሂዱ። ከበሮው እየዞረ ልብሱ እንደ ድንጋይ ከቀዘቀዘ፣ ማጠራቀሚያውም ባዶ ከሆነ፣ ያኔ የኮምፕረሰር ወይም የጋዝ ነገር ነው። ማሽኑ ላይ ያለውን ምልክት ያንብቡ፤ አር 290 ካለ ፕሮፔን ነው፣ የሚነድ ጋዝ። በዚህ ጋዝ ላልሠለጠነና የብየዳ እሳት ይዞ ለሚመጣ ሰው አያስነኩ።

«ባለቤቴ ሽርጡ ውስጥ የረሳው የጫት ቅጠል ፊልተሩን ይዘጋል?»

ቅጠል በእጅ ይለቀማል፤ የሚያስቸግረው ስሱ ብናኝ ነው። ግን ሽርጥ ኪስ የለውምና ኪስ ፈትሻለሁ ብለው አይለፉት። ማጠቢያው ውስጥ ሳይገባ እጥፋቱን ዘርግተው ያራግፉት።