የጓደኛችሁን ነጠላ ለልጇ ቀሚስ ስታደርጉ

ለጅማ ወጣት ልብስ ሰፊዎች፣

የብሔር ብሔረሰቦች ቀን፣ ኅዳር 29፣ ሲቃረብ ትምህርት ቤቶች ልጆች የባህል ልብስ ለብሰው እንዲመጡ ያዛሉ። ያን ሰሞን ከሄርማታ መርካቶ ተገዝቶ ከሚመጣው ጨርቅ መሃል አንዳንዴ ሌላ ዓይነት ሥራ ይገባል፦ በሞት የተለየች ጓደኛ ነጠላ፣ ለትንሿ ልጇ ቀሚስ እንዲሆን። ሰፊዋ ራሷ የሟች ጓደኛ ስትሆን ደግሞ እጇም ልቧም ይቸኩላል። ልጆቼ፣ እዚህ ሥራ ላይ አትቸኩሉ። ሌላ ጨርቅ ቢበላሽ ይገዛል፤ ይሄ አይገዛም።

መጀመሪያ አባቷን ወይም አያቷን ጠይቁ። የሟች ልብስ ለችግረኛ መስጠት የሚሹ አሉ፤ ሳጥን ውስጥ እንዳለ እንዲቀመጥላቸው የሚፈልጉም አሉ። ፈቃዱ ከተገኘ በኋላ ነጠላውን ሳታጥቡ ከማይታይ ጥግ መዳፍ የምታህል ቁራጭ ቆርጣችሁ በንጹህ ጨርቅ ጠቅልሉና ለቤተሰቡ መልሱ። የዕጣኑ፣ የቡናው ጭስ፣ የሰውነቷ ጠረን እዚያ ውስጥ ነው፤ አንዴ ከታጠበ አይመለስም። ማጠቡ ግን የግድ ነው። ሸማ ውሃ ሲነካው ይሰበሰባል፤ ሳይታጠብ የተሰፋ ቀሚስ ከመጀመሪያው እጥበት በኋላ ብብቱ ይጠባል፣ ዳሩም ይጣመማል። ለብ ባለ ውሃና በሳሙና በእጅ እጠቡት፤ አትጭመቁት፣ በረኪናም አታስነኩት። በረኪና ያረጀ ጥጥን ያሳሳል።

ሲደርቅ መስኮት ላይ ወጥራችሁ ብርሃን አሳዩት። ለዓመታት የታጠፈበት መስመር ሳስቶ ታገኙታላችሁ፤ በክረምት ሳጥን ውስጥ የከረመ ከሆነ የሻጋታ ነጠብጣብም አይጠፋም። በሁለት አውራ ጣት ያዙና ቀስ ብላችሁ ሳቡት። ክሩ ከሸሸ ወይም ድምፅ ካሰማ ያ ቦታ ለትከሻና ለብብት አይሆንም፤ ወደ ቀሚሱ ታች ይውረድ።

ከዚያ በአቡጀዲ የሙከራ ቀሚስ ስፉ። የስድስት ዓመት ልጅ የደረት ዙሪያዋ 60 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ 12 ጨምሩበት፣ ሮጣ መጫወቷ አይቀርምና። ብዙ ጀማሪ የሚሳሳተው አንገት ላይ ነው። የልጅ ጭንቅላት ከአንገቷ አንጻር ትልቅ ነው፤ ዙሪያው 51 እና 52 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። ቆንጆ ተብሎ የተጠበበ አንገት በጭንቅላቷ አያልፍም፤ በግድ ሲጎተት ያረጀው ሸማ ይተረተራል። ከኋላ 12 ሴንቲ ሜትር ክፈቱና አንድ ቁልፍ አድርጉለት። የመጣላችሁ ነጠላ ሳይሆን ሸሚዝ ከሆነ የቁልፉን መስመር እንዳለ ወደ ጀርባ አዙሩት፤ እናትየው በየቀኑ ትቆልፈው የነበረው ቁልፍ ልጅቱ ጀርባ ላይ ይቆለፋል። ጋቢ ግን ለቀሚስ ይወፍራል፤ ድርቡን ፍቱት ወይም ካባ አድርጉት።

ሸማውን ብቻውን አትስፉት። በስሱ ነጭ ፖፕሊን ገበር አድርጉለት፤ ፖፕሊኑም ቀድሞ ይታጠብ። ትከሻና ብብት ላይ ሁለቱ አንድ ላይ ይሰፉ፣ ጉተታውን ገበሩ እንዲሸከም። ከታች ገበሩ በ2 ሴንቲ ሜትር ይጠር። መርፌው ቁጥር 11 ይሁን፣ አዲስ ይሁን፤ የደነዘ መርፌ የሸማውን ክር ይመዘዋል። የላይኛውን ክር ትንሽ አላሉት። ማሽኑ ጨርቁን እየዋጠ ካስቸገረ ከሥሩ ስስ ነጭ ወረቀት አድርጋችሁ ስፉና ቅደዱት። ጋዜጣ አይሆንም፣ ቀለሙ ነጩ ላይ ይቀራል።

ጠርዙን ለኦቨርሎክ (ጠርዝ ለሚቆልፈው ማሽን) ብቻ መተው ስህተት ነው። የሸማ ክር ልቅ ስለሆነ ስፌቱ ከነጠርዙ ተንሸራቶ ይወጣል። 1.5 ሴንቲ ሜትር ትርፍ ተዉ። በመጀመሪያ ጀርባና ጀርባውን አገናኝታችሁ ከጠርዙ 6 ሚሊ ሜትር ገብታችሁ ስፉ፣ ትርፉን ወደ 3 ሚሊ ሜትር ከርክሙ፣ ገልብጡትና ደግሞ 9 ሚሊ ሜትር ላይ ስፉት። ጠርዙ ውስጥ ተቀብሮ ይቀራል፤ ልጅቱንም አይኮሰኩሳትም።

ጥበቡን አትቁረጡት። አንዱን ጫፍ ለፊት ዳር፣ ሌላውን ለኋላ ዳር አውሉትና ጎን ላይ መስመሩን አገናኙ። ለቅሶ ላይ ጥበቡ ወደ ትከሻ ዞሮ ነው ነጠላ የሚለበሰው፤ ልጅቱ ላይ ወደ እግሯ ይውረድ። ሲተኮስ በጀርባው፣ እርጥብ ጨርቅ ጣል አድርጋችሁ፣ ካውያው ለብ ብሎ ይሁን፤ የሚያብረቀርቀው ክር ሙቀት ሲበዛበት ይኮማተራል።

ዳሩን ጥበብ ስለያዘው ለዕድገቷ የሚሆነውን ትርፍ እዚያ ማጠፍ አይቻልም። ከጥበቡ በላይ በውስጥ በኩል ሁለት እጥፋት አድርጉ፤ የእያንዳንዱ ጥልቀት 2 ሴንቲ ሜትር፣ ስፌቱም በቀላሉ እንዲፈታ ረጅም ይሁን። አንዱ ሲፈታ ቀሚሱ 4 ሴንቲ ሜትር ይረዝማል።

የሟችን ስም ወይም ፎቶ ደረት ላይ ማድረግ ይጠየቃል። እኔ አልመክርም። ልጅቱ ትምህርት ቤት ውስጥ በደረሰችበት ሁሉ ስለ ሞት ልትጠየቅ አይገባም። ይልቅ እናትየው በእጇ የጠቀመችው ቀዳዳ ነጠላው ላይ ካለ፣ ያንን ሳትፈቱ በውስጥ በኩል ልብ አካባቢ አድርጉት። ስፌቷ የተንጋደደ ቢሆንም አታስተካክሉት።

ስታስረክቡ ስለ ጅማ ቀይ አፈር ለአያትየው ንገሯቸው፦ ጭቃው እርጥብ ሳለ አይታሽ፤ ደርቆ ይራገፍ፣ ከዚያ በቀዝቃዛ ውሃና በሳሙና። በረኪና ቀዩን ያጸናዋል እንጂ አያለቅቀውም። የተረፈውን ቁራጭና ከዚያው ክር ጥቂት በኤንቨሎፕ አድርጋችሁ ስጧቸው፤ እጥፋቱን የምትፈታው ሌላ ሰፊ ልትሆን ትችላለች፣ የትኛው ስፌት እንደሚፈታም ላዩ ላይ ጻፉላት።